«ምላሽ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም»

ጎባ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሀዋኒ
የደጋው ሬዲዮ፣ የአድማጮች ቅሬታ ክፍል
ሮቤ

ሰላምታዬ ከጎባ ብርድ ጋር ይድረስሽ። እናትሽ ሳቢሪን፣ ባለቤትሽ፣ ልጆቹ እንደምን ከረማችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ከሳኔቲ የሚወርደው ነፋስ ጉልበቴን ይዞኛል እንጂ ወፍጮውም እኔም ሥራ ላይ ነን። ሰላምታው እዚህ አበቃ፤ ከዚህ በታች ያለው ቅሬታ ነው።

ትናንት ስደውልልሽ «ኤሱማ፣ ቅሬታ በስልክ አንቀበልም፣ በጽሑፍና በፊርማ ያቅርቡ» አልሽኝ። እኔ የእናትሽ ወንድም ነኝ። በሠርግሽ ቀን በእናትሽ ወገን ቆሜ የመረቅኩሽ ሰው ነኝ። ደግሞስ ከጎባ ሮቤ መንገዱ ምን ያህል ነው? ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ የሚፈጀው ጊዜ ከመንገዱ ይበልጣል። ለዚህች ርቀት፣ ለገዛ ኤሱማሽ፣ ማመልከቻ። ይሁን፣ ይኸው ጻፍኩ፤ ፊርማውም ከታች አለ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሲናና ወረዳ ውስጥ ጨፌና መልካ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት መንደሮች አሉ። የመልካ የስንዴ ማሳ ወንዙ ዳር ነው፤ ኮምባይነር ወደዚያ የሚገባው በጨፌ ግጦሽ መሬት አቋርጦ ብቻ ነው። አምና ሲያልፍ የጨፌን የከብት ማጠጫ ገንዳ ሰብሮ ሄደ። መልካዎች እናሠራለን አሉ፣ አላሠሩም። ዘንድሮ ስንዴው ሲደርስ ጨፌዎች መንገዱ ላይ ግንድ አጋደሙበት።

ጉዳዩ ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎች መጣ። ሦስት ነን። የሁለቱም መንደር እህል በእኔ ወፍጮ ስለሚያልፍ ለማንም አያደላም ብለው እኔን ሰብሳቢ አደረጉኝ። እንደ ወጉ ሁለቱም ወገን እርጥብ ሣር ይዘው አፋቸውን ለእኛ አስረከቡ። እርቁ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ጠቡ በገበያ አይናገሩ፣ በመስጊድ አይናገሩ፣ በቤተ ክርስቲያን አይናገሩ፣ በመንግሥት ቢሮ አይናገሩ። መናገር ካስፈለገ የምንናገረው እኛ ነን። ሲያልቅ አፋቸውን እንመልስላቸዋለን። ይህን ለአንቺ ማስረዳቴ ራሱ ያናድደኛል፤ አያትሽ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ነበሩ።

እናንተ ታዲያ ምን አደረጋችሁ? ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በኦሮምኛው ዜና፣ ቀን ደግሞ በአማርኛው፣ ለሚ የሚባል የመልካ ወጣት አቀረባችሁ። «ጨፌዎች በምቀኝነት መንገድ ዘጉብን፣ ስንዴያችሁ ይበስብስ ነው የሚሉን» እያለ እስኪበቃው ተናገረ። ከዚያ ጋዜጠኛችሁ «የጨፌ ተወካይ የሆኑትን ኦቦ ባዳሳን ብንጠይቅም ምላሽ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም» አለና ሙዚቃ ለቀቃችሁ።

ባዳሳ ያልተናገረው እኔ አትናገር ስላልኩት ነው። «ዝምታህ አይጎዳህም፣ እኔ አለሁ» ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ። አሁን የሮቤ ገበያ በሙሉ «እውነት ቢኖረው ዝም ይል ነበር?» ይለዋል። ሰውየው ልጆቹን ሳይቀር ማየት አፍሯል። ሽምግልናው ላይ አልቀመጥም ብሎ ላከብኝ። እሱ ካልተቀመጠ ግንዱ አይነሳም፤ ግንዱ ካልተነሳ የመልካ ስንዴ እንደቆመ ይቀራል። ኮምባይነሩ በቅርቡ ወደ አርሲ ይሻገራል፣ ሰማዩም ያለ ወቅቱ እየጠቆረ ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ባዳሳ ዝም ያለው በሽምግልና ወግ ስለተያዘ መሆኑን በዚያው ሰዓት፣ ዜናው በተነገረበት ቋንቋ ተናገሩለት። መልስ ከመስጠትሽም በፊት የለሚን ቃል ከተቀዳው ሙሉ ድምፅ አድምጪው። ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፤ ችኩል ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

ደብዳቤውን የሚኒባሱ ሾፌር ኢፋ ያደርስልሻል። ከጓሮዬ የነቀልኩትን ነጭ ሽንኩርትም አስይዤዋለሁ።

ኤሱማሽ
መሸሻ (ባለ ወፍጮው)


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኤሱማ መሸሻ
ጎባ

የአላህ ሰላም እርስዎና ቤትዎ ላይ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማማም ሰላም ትልዎታለች፤ «ጉልበቱን ቅቤ ይቀባ» ብላለች። ቅሬታዎ ደርሶናል፣ ተመዝግቧል፣ እየታየ ነው። እዚህ ድረስ ያለው መሥሪያ ቤቱ ጻፊ ያለኝ ነው። ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ፣ ነጭ ሽንኩርቱን በኢፋ እጅ መልሻለሁ። ቅሬታ ካቀረበ ሰው ስጦታ መቀበል ክልክል ነው። እማማ ስትሰማ «የወንድሜን ሽንኩርት መለስሽ?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እንዲያው ምን ብዬ ላስረዳት?

ሁለተኛ፣ የዘመዴን ቅሬታ እኔ መዳኘት አልችልም። ሌላ ሰው ደግሞ የለም፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ወልዳ ቤቷ ናት። ስለዚህ ዝምድናችንን በጽሑፍ አሳውቄ ጉዳዩን ለዋና አዘጋጁ ለክብሩ አስተላልፌዋለሁ። ስልክ ሲደውሉ ያልሰማሁዎትም ለዚሁ ነው። ምሳ ላይ ተገናኝተን ብንጫወት ነገ «ለአጎቷ አደላች» ይባላል። ተቀየሙኝ እንጂ ለእርስዎው ብዬ ነው።

ሥራዬን ቢያዩት ያዝኑልኛል። አንዲት የዜና አቅራቢ አለችን። አንድ ቀን ከጎባ «ይቺ ልጅ አማርኛውን ኦሮምኛ አስመሰለችው» የሚል ደብዳቤ መጣ። በዚያው ቀን ከሮቤ ስለዚያችው ልጅ «ኦሮምኛዋ አማርኛ አማርኛ ይላል» የሚል መጣ። ልጅቷ ሁለቱንም አንብባ አለቀሰች። አንዱ «ለእንትና አቶ ብላችሁ ለእንትና ኦቦ ያላችሁት ለማን ልታደሉ ነው» ይላል። ሌላው አቅራቢው ኢንሻአላህ አለ ብሎ ይከሳል፣ ተከታዩ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን አለ ብሎ። የጎባ አንድ አድማጭማ የአየር ትንበያችን ለሮቤ ያደላል፣ ዝናቡን ሁሉ ጎባ ላይ ታዘንባላችሁ ብለው በፊርማቸው አስገብተዋል። ለሳቸውም መልስ መጻፍ አለብኝ።

ክብሩ የሰጠው መልስ ይህ ነው። ጋዜጠኛው ለኦቦ ባዳሳ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ «አልናገርም» ብለው ዘግተውበታል። ስለዚህ ፈቃደኛ አልሆኑም መባሉ እውነት ነው ይላል። ለሚዛናዊነት ግን ኦቦ ባዳሳ ስቱዲዮ መጥተው ለሚ የተናገረበትን ያህል ደቂቃ፣ በመረጡት ቋንቋ፣ መናገር ይችላሉ። በተጨማሪም ዝም እንዲሉ የተደረገበት የሽምግልና ሰነድ ካለ ኮፒው እንዲላክለት ጠይቋል።

መልስዎን እጠብቃለሁ። ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

ሀዋኒ


ጎባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀዋኒ

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ለእናትሽ ሽንኩርቱ ተመልሶ መጥቶ እዚሁ እንደተሰቀለ ንገሪልኝ።

ሰነድ ጠየቃችሁኝ። ምን ልላክልሽ? የያዙትን ሣር? ሣሩን ከብት በልቶታል። ሽምግልና፣ ጃርሱማችን፣ በወረቀት ተሠርቶ አያውቅም፤ ሰነዱ እኛው ሦስታችን ነን። አንዱ ሐጂ ቱሉ ናቸው፤ ሮቤ መስጊዱ አጠገብ ነው ሱቃቸው፣ ከቢሮአችሁ እግር ያደርሳል። ክብሩ የሚባለው ሰው ተነስቶ ሄዶ ቢጠይቃቸው ምን ነበረበት? አልጠየቃቸውም። እኔንም አልጠየቀኝም። መልስ የመስጠት ሥልጣን ያለንን ትታችሁ አፉ የታሰረውን ሰውዬ ጠየቃችሁት፣ ከዚያ አልመለሰም ብላችሁ አወራችሁበት።

ይባስ ብላችሁ አሁን መጥቶ ይናገር ትላላችሁ። ቃሉን አክብሮ ዝም እንዳለ ለማሳየት ቃሉን ያፍርስ? ይህን ለባዳሳ ሄጄ ልነግረው ነው? ሽማግሌ ባልሆን ኖሮ የምናገረው ነገር ነበረኝ።

በእኛ በኩል ለሚን ቀጥተነዋል። ቃል ያፈረሰ ወገን በእርቁ ቀን ቀድሞ የመናገር ተራውን ያጣል፤ መልካዎች አጥተዋል። እኛ ሥራችንን ሠርተናል፤ የቀረው የእናንተ ነው።

ትናንት ጨፌ ድረስ ወጥቼ ነበር። ባዳሳ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ሰላም አልኩት፣ እጁን ሰጠኝ፣ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ሚስቱ ሮቤ ገበያ ወርዳ ድንች ስትሸጥ አንዲት ሴት «የዚያ መልስ ያጣው ሰውዬ ሚስት» ብላ ለሌላዋ ስታሳያት ሰምታ ድንቿን ሳትሸጥ ተመልሳለች። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፣ እሱማ ምን ይናገራል። እኔ ስልሳ ዓመት አልፎኝ በሰው ደጅ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር። ሙሉውን ድምፅ ሰማሽው ወይ? ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፍሽም።

መሸሻ


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኤሱማ መሸሻ

የአላህ እዝነት አይለይዎት። ስለ ኦቦ ባዳሳ ባለቤት የጻፉትን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያን ገጽ ለክብሩ አሳየሁት፤ አነበበውና «ማስተካከያ እንሥራ» አለ።

ማስተካከያው ማክሰኞ ዕለት ተላልፏል። ኦቦ ባዳሳ መልስ ያልሰጡት በአካባቢው የሽምግልና ወግ መሠረት እንደሆነ ተነግሯል። ደስ ብሎኝ ልጽፍልዎ ነበር፤ ግን ደስታዬ የቆየው ዜናው እስኪነበብ ነው። የተላለፈው ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአማርኛ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ገበሬው ማሳ ላይ ነው፣ ነጋዴው ሱቁ ላይ ነው። የሰማን እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ ሳንሆን አንቀርም።

ለምን በኦሮምኛው አልተነገረም ብዬ ተሟገትኩ። ክብሩ ደንቡን አውጥቶ አሳየኝ። «ማስተካከያ የሚሰጠው ቅሬታው በቀረበበት ቋንቋ ነው» ይላል። እርስዎ የጻፉት በአማርኛ ነው። ያንን ደንብ ያረቀቅኩት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ፤ አምና አድማጮች በጻፍንበት ቋንቋ አልመለሳችሁልንም ብለው ሲያማርሩ ጊዜ ነው። አሁን የገዛ ደንቤን ሳይ መቅደድ ያምረኛል።

ማስተካከያውም ቢሆን ቅሬታ አስከትሏል። አንዱ ለምን በአማርኛ ብቻ ይላል፣ እውነቱን ነው። ሌላው በአማርኛ ዜና ላይ ኦቦ ለምን ተባለ ይላል። ሦስተኛው ሰውዬ ማስተካከያ ማብዛት ለማጥፋታችሁ ማስረጃ ነው ይላል። ከሬዲዮ ጣቢያ ይልቅ ነጭ ሽንኩርት ብነግድ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ ቅሬታውን እንደገና በኦሮምኛ ጽፈው ይላኩልኝ። በቁቤ ይሁን፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ክብሩ አይቀበልም። የእርስዎ ስም ባይኖርበት ደግሞ ይመረጣል፣ በዝምድናችን እንዳያመካኙ። እንደደረሰኝ በጠዋቱ ዜና ሰዓት እንዲነገር ጥርሴን ነክሼ እሟገታለሁ።

ሀዋኒ


ጎባ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀዋኒ

ሰላም ነው? እኛ ዘንድ ሰላም የለም። ትናንት ዘነበ።

ቁቤ አልሽኝ። ኦሮምኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። በኦሮምኛ እቆጣለሁ፣ በኦሮምኛ እዳኛለሁ፣ ሕልሜንም በሱ ነው የማየው። ትምህርት ቤት የገባሁ ጊዜ ግን ብዕር ያስያዙኝ በአማርኛ ነው፤ ቁቤ የመጣው እኔ ባለ ወፍጮ ከሆንኩ በኋላ ነው። እናንተ የምትሉት ታዲያ፣ በአማርኛ ከጻፍክ የጨፌ ሰው አይሰማህም፣ በኦሮምኛ እንዳትጽፍ ደግሞ ፊደሉን አታውቅም ነው። እኔን የመሰለ ስንት ሽማግሌ ባሌ ውስጥ አለ? ደንቡን ስትጽፊ አንዳችንንም አላሰብሽም?

ደብዳቤሽን ይዤ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ስበሳጭ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ለሚ። ከመልካ በእግሩ መጥቶ ዝናቡ አበስብሶታል። «ኦቦ መሸሻ፣ ስንዴዬ ዛላው ላይ ሊበቅልብኝ ነው፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ» አለኝ። ስለ ስንዴው መናገር እንደማይችል፣ አፉ እኛ ጋ እንደሆነ ነገርኩት። ስለ ጠቡ ሳይሆን ስለ ራስህ ጥፋት መናገር ግን ማንም አልከለከለህም አልኩት። ቁቤ ትጽፋለህ? እጽፋለሁ አለ። አስረኛ ክፍል ደርሷል።

ተቀመጥኩና አስጻፍኩት። ቃል እንደነበረ፣ ቃሉን እንዳፈረሰ፣ ባዳሳ ዝም ያለው አክብሮ እንደሆነ በገዛ እጁ ጻፈው፤ ፊርማው የሱ ነው፣ ሐጂ ቱሉም ምስክር ሆነው ፈርመዋል። የእኔ ስም የለበትም። ጽፎ ሲጨርስ አንገቱን ደፍቶ «እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር» አለኝ።

ምን ብለህ አልኩት። መጀመሪያ በንዴት ተናገርኩ፣ ኋላ ግን ደነገጥኩና «ሽማግሌዎቹ ሳይጨርሱ እንዳታስተላልፉት፣ ኦቦ ባዳሳም የማይናገረው በዚሁ ነው» አልኳቸው አለኝ። ጋዜጠኛውም እሺ ብሎት ሄዷል። በማግስቱ ጠዋት ድምፁን በሬዲዮ ሲሰማ ወተቱን ከእጁ ጣለው።

እንግዲህ ሀዋኒ፣ ልጁ እውነቱን ከሆነ ይህ ቃል ከተቀዳው ውስጥ አለ። ስሚው ብዬ ለመንኩሽ። በሁለተኛው ደብዳቤ ደግሜ ጠየቅኩሽ። አንድ ጊዜ ስለ ሽንኩርት ትጽፊያለሽ፣ አንድ ጊዜ ስለ አየር ትንበያ ትጽፊያለሽ፣ ስለ እሱ አትጽፊም። ሰምተሽ ከሆነ ለሥራሽ ብለሽ ሸሽገሻል ማለት ነው። ካልሰማሽ ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ጋዜጠኛችሁ እንዳለው ልበልሽ፦ የአድማጮች ቅሬታ ሰሚዋን ሀዋኒን ብንጠይቅም ምላሽ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም።

የለሚ ጽሑፍ ከዚህ ጋር አለ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢ። ለአንቺ ያለኝን ግን ለጊዜው እዚሁ አቆየዋለሁ።

መሸሻ


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኤሱማ መሸሻ

ሰላም ይሁንልዎ። ለገና በዓልዎ በጤና ያድርስዎ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም ከልቤ ነው።

ሙሉውን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። የሰማሁትም የመጀመሪያው ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ነው። ለሚ እንዳለው ነው፤ ቃል በቃል አለ። ተቆርጧል። እኔ ግን እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ አንድ ቃል ፈርሜያለሁ፦ ቅሬታ ሳጣራ የሰማሁትን፣ ውሳኔ ሳይሰጥበት፣ ለቅሬታ አቅራቢው አልነግርም። ዘመዴ ከሆነማ ጭራሽ። ሰሚ ሆኜ ያገኘሁትን ለኤሱማዬ ሹክ ካልኩ ነገ ማን ያምነኛል? ስለዚህ ሪፖርት ጽፌ ለክብሩ ሰጠሁ። እሱ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ደጋግሜ ጠየቅኩት። «አንቺ የሰውየው ዘመድ ነሽ፣ ከዚህ ጉዳይ ውጪ» እያለ ይመልሰኝ ነበር። ስለ አየር ትንበያ የጻፍኩልዎ የምጽፍልዎ አጥቼ ነው። ያን ሁሉ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔም አፌን አስረክቤ ነበር፣ ኤሱማ። እርስዎ ይህን ወግ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዝም ስል ግን ምን ይዟት ይሆን አላሉም፤ ሸሸገች አሉ። ከእኛ ጋዜጠኛ በምን ተለዩ? እሱ ኦቦ ባዳሳን አያውቃቸውም፣ እርስዎ ግን እኔን ያውቁኛል። ደብዳቤዎን አንብቤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ይህንንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። በጣም አስቀይመውኛል።

ሥራውን ግን ሠርቻለሁ። የለሚ ቅሬታ የዘመዴ አይደለምና ክብሩ የሚያመካኝበት አጣ። የጣቢያው ቦርድ ዘንድ ይዤው ገባሁ፣ ድምፁንም አሰማኋቸው። የቦርዱ ሰዎች ክብሩን አዩት፤ ክብሩ ጠረጴዛውን አየ። ትናንት ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ በኦሮምኛ፣ የለሚ ጽሑፍ ሙሉው ተነብቧል፤ የተቆረጠው ድምፁም ተሰምቷል፤ ጣቢያው ኦቦ ባዳሳን ይቅርታ ጠይቋል። ቀን በአማርኛ ተደግሟል። ያነበበችው ያቺ ሁለቱንም ወገን ያላስደሰተችው ልጅ ናት። እስከ አሁን አንድም ሰው ስለ አነጋገሯ አልጻፈም።

ውሳኔ ስለተሰጠ አሁን አፌ ነፃ ነው፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልዎ።

ሀዋኒ


ጎባ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ የእህቴ ልጅ ለሀዋኒ

የእኔና የባለቤቴ ሰላምታ፣ የገና ምርቃታችንም አብሮ ይድረስሽ። ልጆችሽ ይደጉ፣ እናትሽ ረጅም ዕድሜ ታግኝ፤ አንቺንም ያቆይልኝ።

ይቅር በይኝ። ሽማግሌ ሆኖ ይህን ቃል መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። አጥፍቻለሁ። የሰውን ዝምታ በአደራ እንደምጠብቅ እየፎከርኩ የአንቺን ዝምታ አላወቅኩትም። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ «አሁን አንተ ነህ ሽማግሌ?» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። የሚገባኝን አግኝቻለሁ። ሮቤ ስመጣ በእናትሽ ፊት ደግሜ እጠይቅሻለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ሐሙስ ጠዋት ጨፌ ሬዲዮ ያልከፈተ ቤት አልነበረም። ባዳሳ ደጁ ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ተነሳ፣ በሬዎቹን ጠመደ፣ ወርዶ ግንዱን ከመንገዱ ጎተተው። ለማንም ምንም አላለም፤ አፉ ገና እኛ ጋ ነበራ። ሰዉ ሲያየው ተከትሎ አገዘው። ኮምባይነሩ ሊሻገር ዕቃውን ጭኖ ነበር፤ ሐጂ ቱሉ ስልክ ደውለው ባለቤቱን ለምነው አስመለሱት። ከመልካ ስንዴ ሲሶውን ዝናቡ አበላሽቶታል። የለሚ ማሳ ከሁሉ ዝቅ ያለው ስለሆነ በሱ ላይ በርትቷል፤ ለዘር የሚሆነውን እንኳ በግድ ነው ያገኘው። ይህን ሁሉ ሳምንት በደንብና በፊደል መቆየታችን ምን እንዳስከፈለ እንድታውቂው ብዬ ነው፤ አንቺን ለመውቀስ አይደለም።

አጨዳው እንዳለቀ መልካዎች ሲሚንቶና አሸዋ በጋሪ ጭነው ጨፌ ወጡ። ገንዳውን ሊሠሩ ነው። አንቺ ብታዪው ትስቂ ነበር። አፋቸው ስላልተመለሰ ሁለቱ መንደሮች ሳይነጋገሩ ሠሩት። አንዱ በጣቱ ውኃ ይጠይቃል፣ ሌላው በአገጩ አካፋውን ያሳያል። ባዳሳ ራሱ ድንጋይ አቀብሏል። የተቀበለው ለሚ ነው።

ትናንት ቅዳሜ እርቁ ተፈጸመ። ሣሩን አስይዘን «አፋችሁን መልሰናል፣ ተናገሩ» አልናቸው። መልካዎች ተራቸውን አጥተዋልና ቀድሞ የሚናገረው ባዳሳ ነው። ለሚ መሬት መሬት ያያል። ሰውየው ከወር በላይ የዋጠውን ሁሉ ዛሬ ያወጣዋል ብለን እኛ ሽማግሌዎቹም ሰግተን ነበር።

ባዳሳ ተነሥቶ ቆመ። የተናገረውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

«ያ ሬዲዮ የመልካ ልጅ ቃሉን አፈረሰ ብሎ ለአገር ሁሉ ተናግሯል። መልካዎች ስንዴያቸው ተበላሽቶ ሳለ መጥተው ገንዳችንን እንደሠሩ ግን አልተናገረም። ይህ የአንድ ወገን ወሬ ነው። ቅሬታ ይጻፍልኝ።»

ብሎ ተቀመጠ። ለሚ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አላስቻለኝም።

ስለዚህ ሀዋኒ፣ ይህ ደብዳቤ ቅሬታ ነው። ቅሬታ አቅራቢው ባዳሳ ነው፣ ዘመድሽ አይደለም፣ ፈርሟል። በአማርኛ እኔ ጽፌዋለሁ፣ በቁቤ ለሚ ጽፎታል፤ ሁለቱም ከዚህ ጋር ታሽገዋል። በየትኛው ቋንቋ ቀረበ ብሎ ክብሩ የሚጠይቀው እንዳይኖር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንጠብቃለን። መልስ የሚሰጥ ሰው ከፈለጋችሁም አሁን ሁሉም ፈቃደኛ ነው።

ባዳሳ ለአንቺ ብሎ ከጓሮው አንድ እቅፍ ነጭ ሽንኩርት አምጥቷል። ቅሬታ አቅራቢ ስለሆነ እንደምትመልሽበት ነገርኩት፤ ገረመው፣ ግን አከበረው። ቅሬታው መልስ እስኪያገኝ ከእኔው ሽንኩርት አጠገብ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ ይቆይሻል። ወፍጮ ቤቱ ይሞቃልና ሳይበቅል ቶሎ በሉ።

ይቅርታሽን የሚጠብቀው ኤሱማሽ
መሸሻ